«ጥያቄህን ለእኔ አትንገረኝ!» ከኢሌ ኢፌ ባባላዎ ምንጣፍ ላይ

የምክር ገጽ ለሚያነብ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለእንዲህ ዓይነት አምድ ከሚላኩ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ «እባካችሁ ምን ይሻለኛል?» አንዷ በሁለት ወዳጆች መሃል ተወጥራ፣ አንዱ ሥራውን ልልቀቅ አልልቀቅ እያለ፣ ሌላው ደግሞ ፓስፖርቱን ትራሱ ሥር ከትቶ እንቅልፍ አጥቶ... ሁሉም የሚፈልገው ነገሩን ቁርጥ አድርጎ የሚነግረው ሰው ነው። ዛሬ ታዲያ ይቺኑ ጥያቄ ለዘመናት ሲቀበል ወደ ኖረ አገር ይዣችሁ ልሄድ ነው። አገሩ ናይጄሪያ፣ ሕዝቡ ዮሩባ፣ ከተማው ኢሌ ኢፌ፣ የሚጠየቀው ደግሞ ኢፋ ይባላል።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንስማማ። «ጠንቋይ» የምትለዋን ቃል ለጊዜው ኪሳችሁ ክተቷት። ቃሏ ስትነሳ ወዲያው ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጨለማ ክፍል፣ መጋረጃ፣ ጭስና «ዓይነ ጥላ አለብሽ» የሚል ጎርናና ድምፅ ነው። ኢፋን የሚያነበው ሰው ግን ባባላዎ ይባላል፤ «የምሥጢር አባት» ማለት ነው። ምሥጢር ይባል እንጂ ሥራው በቀን ብርሃን፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ተብሎ፣ ሰው እየገባ እየወጣ የሚሠራ ነው። እኔ ያየሁዋቸው ሽማግሌ እንዲያውም ሥራቸው መሃል ሞባይላቸው ጠርቶ አንስተው «ቆይቼ እደውላለሁ» ብለው ዘግተዋል።

ጉዞው እንዲህ ነው። አየር መንገዳችን ከቦሌ በቀጥታ ሌጎስ ያደርሳችኋል። (የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ፤ ይጠየቃል።) ሌጎስን በዚህ ገጽ ልገልጻት አልሞክርም። ዳንፎ የሚሏቸው ቢጫ ሚኒባሶች፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮህ ወያላ፣ ክላክስ፣ ሙቀት! የእኛን ታክሲ ረዳት የለመደ ጆሮ እንኳን እዚያ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነው። መሃል ላይ ኢባዳን አለች፤ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ጣራ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተነጥፎ ይታያችኋል። ኢባዳንን ካለፋችሁ በኋላ አረንጓዴው ይበረታል፤ የካካዎ ዛፎች ይመጣሉ፤ አየሩም ያዝ ያደርጋል።

ኢሌ ኢፌ ለዮሩባዎች የዓለም እምብርት ናት። አፈ ታሪካቸው እንደሚለው ምድር ሁሉ ውሃ ሳለች ኦዱዱዋ የሚባለው አባታቸው ከሰማይ በሰንሰለት ወረደ፤ ይዞት የመጣውን አፈር ውሃው ላይ አፈሰሰ፤ አንድ አውራ ዶሮ ደግሞ በእግሩ እየጫረ በተነውና የብስ ሆነ። ይህ የሆነው እዚሁ ኢፌ ላይ ነው ይላሉ። ተረት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ከተማዋ በእውነትም ጥንታዊት ናት። በ1938 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ከዚህ በኋላም እንደዚያው) ለቤት መሠረት ሲቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ከነሐስ የተሠሩ የሰው ራሶች አገኙ። የተሠሩት ከ600 ዓመት በፊት ወይም ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። ፊታቸው ሕይወት ያለው ይመስላል። በጊዜው ያዩዋቸው አውሮፓውያን ይህን አፍሪካዊ ሠርቶታል ብሎ ማመን አቅቷቸው ነበር። አይ ፈረንጅ!

ከተማው መሃል ኦፓ ኦራንሚያን የሚሉት ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከዚያ ውጪ ስታዩዋት አቧራ ያለባት፣ ሞተር ሳይክል የሚርመሰመስባት፣ በየማዕዘኑ የቤተክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ የሚፎካከርባት የክፍለ ሀገር ከተማ ናት። «ታዲያ ኢፋው የታለ?» ማለቴ አልቀረም።

አስጎብኚ የሆነልኝ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሳቀብኝ። አባቱ አንግሊካን ናቸው፤ እናቱ ሙስሊም፤ አያቱ ደግሞ ባባላዎ ነበሩ። «እሑድ ከአባቴ ጋር፣ ለኢድ ከእናቴ ጋር፣ ነገር ሲጠና ደግሞ ሁላችንም ባባ ጋ» አለኝ። ብዙ የዮሩባ ቤተሰብ እንዲህ ነው፤ ሃይማኖት ይለያያል፣ ማዕዱ ግን አንድ ነው። ባባላዎ ጋ መሄዱን በአደባባይ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው።

ኢታሴ የሚባል ኮረብታ ላይ የኢፋ ዋና ቤተ መቅደስ አለ። በየዓመቱ ሰኔ ወር (ጁን መሆኑ ነው) ከመላው ዓለም ባባላዎዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። እኛ የሄድንባቸው ሽማግሌ ቤታቸው ከኮረብታው ብዙ አይርቅም። ተማሪው ገና ከደጃፍ እጅ ነስቶ «አቦሩ አቦዬ» አለ፤ መሥዋዕቱ ይድረስ፣ ይስመር እንደማለት ነው። ሽማግሌው ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከእኛ በፊት የመጣ አንድ ወጣት ነበር፤ ዕድሜው ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆን ነው፣ ሞባይል ጠጋኝ ነው። እንድንቀመጥ ተጠየቀና ፈቀደ።

አሁን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። ልጁ ኪሱ ገብቶ አንዲት የናይራ ኖት አወጣ፤ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ የሆነ ነገር አንሾካሾከባትና ምንጣፉ ላይ አኖራት። ተማሪውን «ምን አለ?» ብለው፣ «ጥያቄውን ነዋ! ለባባ አይነገርም፤ ለኢፋ ነው የሚነገረው» አለኝ። ሽማግሌው ልጁ ምን እንደጠየቀ አያውቁም፤ ለማወቅም አልሞከሩም። ልጁ ረስቶት አፉን ከፈት ሲያደርግ «ለእኔ አትንገረኝ!» ብለው በእጃቸው አስቆሙት።

ከዚያ ሰንሰለቱን አነሱ። ኦፔሌ ይባላል፤ ስምንት የፍሬ ቅርፊቶች ተሰክተውበታል፣ አራት በዚህ አራት በዚያ። ወርወር አድርገው ሲያስተኙት እያንዳንዱ ቅርፊት ወይ በሆዱ ወይ በጀርባው ይወድቃል። ለከበደ ጉዳይ ደግሞ ኢኪን አለ፤ አሥራ ስድስት የዘንባባ ፍሬዎች ናቸው። ባባላዎው ፍሬዎቹን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ሊያፍሳቸው ይሞክራል። አንድ ከቀረ የተቀረጸው የእንጨት ገበታ ላይ ባለው ዱቄት ሁለት መስመር ይጭራል፤ ሁለት ከቀሩ አንድ መስመር። ሌላ ቁጥር ከሆነ አይቆጠርም፣ እንደገና ነው። ስምንት ምልክት እስኪሞላ እንዲህ ይቀጥላል።

ስምንት ቦታ፣ በየቦታው ሁለት ምርጫ። አባዙት፤ 256 ይመጣል። እነዚህ 256 ምልክቶች ኦዱ ይባላሉ። ኮምፒዩተር የተማራችሁ «ባይት» የምትሉት ነገር ስምንት ቢት፣ 256 አማራጭ አይደለም? ልክ እሱ ነው! ሽማግሌው ምንጣፋቸው ላይ ዘርግተውት ተቀምጠዋል፣ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ። (መብራቱማ በጊዜው ጠፍቶ ነበር።)

ምልክቱ በራሱ ግን ምንም አይናገርም። በእያንዳንዱ ኦዱ ሥር ብዙ የቃል ግጥሞች አሉ። ባባላዎው እነዚያን በቃሉ ያጠናል፤ ገና በልጅነቱ ከመምህሩ ቤት ገብቶ፣ እየታዘዘ፣ እየተላከ፣ ዓመታት ይፈጅበታል። ግጥሞቹ ታሪክ ናቸው። «ዱሮ እገሌ የሚባል እንዲህ ያለ ችግር ገጠመው፤ ባባላዎዎች ጠየቀ፤ ይህን ሠዋ አሉት፤ ሠዋ (ወይም አልሠዋም)፤ እንዲህ ሆነ» ይላሉ። ባባላዎው አንድ በአንድ ይወርዳቸዋል። ጠያቂው ይሰማል። «እሱ የኔ ነው» ያለበት ጋ ያስቆመዋል።

ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ! መልሱን የሚመርጠው ባለ ችግሩ ራሱ ነው።

ለልጁ የወጣው ኦዱ ኦጉንዳ ሜጂ ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ ሰምቶ ዝም አለ። ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ቀና አለ። ተማሪው በጆሮዬ ያቀበለኝን በራሴ አነጋገር ላካፍላችሁ። እኛ «ግንባሩ ላይ የተጻፈ» የምንለውን ዮሩባዎች ኦሪ ይሉታል፤ ራስ ማለት ነው። ሰው ወደ ምድር ከመምጣቱ በፊት ሰማይ ቤት ራሱን ይመርጣል። ራሶቹን ከጭቃ የሚሠራው አጃላ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ግን ግድየለሽ ነው፤ አንዳንዱን ራስ በእሳት በደንብ ሳያበስል ይተወዋል። በዚያ ላይ ባለ ዕዳ ነው።

ሦስት ጓደኛሞች ራስ ሊመርጡ ጉዞ ጀመሩ። ሁለቱ ቸኩለው ቀደሙ፤ አጃላን ቤቱ ሲያጡት ዝም ብለው ያማረውን ትልቅ ትልቁን ራስ አንስተው ወደ ምድር ወረዱ። መንገድ ላይ ዝናብ መታቸው፤ ያልበሰለው ጭቃ እየተፈረፈረ አለቀ። ምድር ደርሰው ቢሠሩ ቢለፉ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ሦስተኛው ግን መጀመሪያ አባቱን ልሰናበት ብሎ ቀርቶ ነበር። አባቱ ቤት የነበሩ ባባላዎዎች «ጨውና ገንዘብ ሠዋ» አሉት፤ ካቀረበው ላይ ከፊሉን ለመንገዱ መለሱለት። መንገድ ላይ አንድ በር ጠባቂ ወጡ ውስጥ አመድ ሲጨምር አገኘው፤ ሰውየው ጨው የሚባል ነገር አያውቅም። ጨው ሰጠው። በር ጠባቂው ወጡ ሲጣፍጥለት ጊዜ ምሥጢሩን ነገረው፤ «አጃላ አበዳሪ ፈርቶ ጣራ ሥር ተደብቋል፤ ዕዳውን ክፈልለት» አለው። ከፈለለት። አጃላ ወረደ፤ በብረት ዘንግ ራሶቹን እያንኳኳ ጥርት ብሎ የጮኸውን መርጦ ሰጠው። ያንን ራስ ዝናብ አልበገረውም።

«እሱ ነው» አለ ልጁ። ድምፁ ቀጠን ብሏል።

ሽማግሌው አንድ ትንሽ አጥንትና ዛጎሎች ሰጡት፤ በየእጁ ደበቃቸው። ሰንሰለቱን እንደገና ጣሉና አንዱን እጁን ክፈት አሉት። ዛጎል «አዎ» ነው፣ አጥንት «አይ»። እንዲህ እየጠየቁ በጎ ነው ወይስ ክፉ፣ ከየት በኩል ነው የሚለውን ያጠባሉ። በመጨረሻ ኤቦውን ነገሩት፤ መሥዋዕቱን ማለት ነው። ጨው፣ ርግብ፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ለጎረቤት የሚቀርብ ምግብ። ቀጥለውም «ጨው ይዘህለት የምትሄደው ሰው ማነው? ዕዳ ያለበትስ ማነው?» አሉት። ልጁ መሬት መሬት አየ።

በኋላ ውጪ ተቀምጠን ለስላሳ ስንጠጣ (እነሱ «ሚነራል» ይሉታል) ልጁ ራሱ ነገረን፤ ስሜን ካልጻፋችሁ ችግር የለም አለ። አባቱ ሞተው ቁራሽ መሬት ትተዋል። እሱ ሽጦት በሰሃራ በኩል ወደ ሊቢያ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ ሊሻገር አስቧል። ደላላ አግኝቷል፤ ግማሹን ቀብድ ሊከፍል ቀን ቀጥሯል። ያቺ በናይራዋ ላይ የተንሾካሾከች ጥያቄ «ልሂድ ወይ?» የምትል ነበረች። መሬቱ ሲገዛ ግን ታናሽ አጎቱ ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ይህን የሚያውቁት አባቱና አጎቱ፣ ከእናቱ ሰምቶ ደግሞ እሱ ብቻ ናቸው። ለአጎቱ አልነገራቸውም፤ ሳይነግራቸው ሊሸጥ ነበር።

አስተውሉልኝ፤ ሽማግሌው «ሂድ» አላሉትም፤ «አትሂድ»ም አላሉትም። ባሕር ትሰጥማለህ ብለው አላስፈራሩትም፤ ትከብራለህ ብለው አላሞኙትም። ያን ዕለት ማታ ልጁ ጨው ገዝቶ አጎቱ ቤት ሄደ።

«ቅርፊት ምን ያውቃል?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አስጎብኚዬም ጠይቆኛል፣ እሱ ፊዚክስ ነው የሚያጠናው። እኔ በዚህ አልከራከርም። ይልቅ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ቸግሯችሁ ዘመድ ስታማክሩ እያንዳንዱ የራሱ ፍላጎት አለው። እናት እንዳትርቁ ትፈልጋለች፤ ጓደኛ አብራችሁት እንድትሄዱ ይፈልጋል፤ ደላላማ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ምንጣፉ ላይ ግን ታሪኩን የመረጠ ዘመድ የለም፤ ባባላዎውም አልመረጠውም፣ ጥያቄውን እንኳን አያውቅም። ስለዚህ ሊያቆላምጣችሁ አይችልም። ታሪኩ ከማንም ወገን ሳይሆን ይመጣል። «ይህ የኔ ነው» ስትሉ ደግሞ ለወራት ከራሳችሁ የደበቃችሁት ነገር በገዛ አፋችሁ ይወጣል። እኛ የምክር አምድ የምንጽፍ ሰዎች ደብዳቤውን አንብበን በሦስተኛው መስመር ላይ ፍርድ እንሰጣለን። የእነሱ ይሻላል ባይ ነኝ!

መሥዋዕቱንም ቢሆን ደም ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ብዙው ምግብ ነው፤ ምግቡ ደግሞ ይበላል፣ የሚበላውም ጎረቤት ነው። የተኳረፋችሁት ሰው ደጃችሁ መጥቶ ሲበላ ነገሩ ይለዝባል። ከመሥዋዕቱ ለኤሹ ድርሻ ይወጣለታል። ኤሹ መልእክቱን ወደ ላይ የሚያደርስ፣ መንታ መንገድ ላይ የሚቆም፣ ሰውን የሚፈትን ነው። የዮሩባ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጎም ሰይጣን የሚለውን ቃል «ኤሹ» ብለው ተረጎሙትና ስሙ እስከ ዛሬ ጠፍቶ ቀረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ኢዋ ፔሌ» የሚሉት ነገር አለ፤ የረጋ፣ መልካም ጠባይ ነው። ጥሩ ራስ መርጠህ ብትመጣም ጠባይህ ካበላሸው አበላሸው ነው። እግርም ያስፈልጋል ይላሉ፤ ራስ ብቻውን የትም አይደርስም።

አሁን ደግሞ ወደ መጥፎው። ናይጄሪያም እንደማንኛውም አገር አጭበርባሪ አለባት፤ ያውም በዓይነት! ገና ሳትቀመጡ ችግራችሁን ጠይቆ፣ ከዚያ «ጠላትሽ ዘመድሽ ናት» የሚል፣ በየቀኑ አዲስ መሥዋዕትና አዲስ ሂሳብ የሚጨምር፣ መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚል፣ ገንዘብ አበዛለሁ የሚል፣ ይሄ ባባላዎ አይደለም፤ ሌባ ነው። በኢንተርኔት ሰው የሚያጭበረብሩ ወጣቶች «ቶሎ የሚያበለጽግ» ሥርዓት ፍለጋ የሚንከራተቱበት አገር ነው። ከዚያ የሚመጣው ወንጀል የናይጄሪያ ጋዜጦችን ሲያሞላ ይኖራል። እኔ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ስለ እነሱ ስጠይቃቸው ምራቃቸውን ነው የተፉት።

አንድ ሌላ የማልስማማበት ነገር አለ፤ የሴቶች ጉዳይ። ኢያኒፋ የሚባሉ ሴት የኢፋ አንባቢዎች አሉ። ግን የኢፋን ጥልቅ ምሥጢር ሴት ልታየው አይገባም የሚሉ ወንዶች ብዙ ናቸው፤ ክርክሩም አላለቀም። ኩባ ውስጥማ ባባላዎነት በልማድ የወንድ ብቻ ነው። (ኩባ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። በባሪያ ንግድ ዘመን የተጋዙት ዮሩባዎች ኢፋን በጭንቅላታቸው ይዘውት ሄደዋል። ዛሬም በየዓመቱ መባቻ የኩባ ባባላዎዎች ተሰብስበው የዓመቱን ምልክት ያወጣሉ፤ ሕዝቡም ይጠብቀዋል።)

ኢፋን ኋላ ቀር ብሎ መናቅ ያከተመ ይመስለኛል። ከ1982 እስከ 1989 የኢፌን ዩኒቨርሲቲ የመሩት ፕሮፌሰር ራሳቸው ባባላዎ ነበሩ። ዩኔስኮ በ2005 ኢፋን ከዓለም ድንቅ የቃል ቅርሶች አንዱ አድርጎ አውጆታል፤ በ2008 ደግሞ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በ2023 ሌጎስ፣ ኦጉን፣ ኦዮና ኦሹን ክልሎች ለነባሩ እምነት በዓል ሥራ ዝግ የሚሆንበት ቀን አውጀዋል።

ኢፌ ድረስ ከሄዳችሁ ኦሾግቦን ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ ቅርብ ናት። ከተማው ዳር 75 ሄክታር የሚሆን የተቀደሰ ደን አለ፤ የኦሹን ወንዝ በመሃሉ ያልፋል። በ2005 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በ1950 ወደ ናይጄሪያ የመጣች አንዲት ኦስትሪያዊት ሠዓሊ እስከ ዕለተ ሞቷ ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆና የቀረጸቻቸው ግዙፍ ምስሎች በየዛፉ ሥር ቆመዋል። በነሐሴው (በኦገስት) በዓል ሕዝቡ ወደ ወንዙ ይጎርፋል፤ ቅሉን በራሷ ተሸክማ የምትመራው አንዲት ድንግል ልጃገረድ ናት።

እዚህ ኦሾግቦ ሴቶቹ በሰንሰለት አይጠይቁም፤ አሥራ ስድስት ዛጎል ይጥላሉ። ኦሹን ራሷ ከኢፋ የተማረችው ነው ይላሉ። ካየኋቸው አንዷ እናት ጉልት ላይ ቲማቲምና በርበሬ የሚሸጡ ናቸው፤ ደንበኛ ሲመጣ ሚዛኑን ለልጃቸው ይተዉና ከኋላ ይገባሉ። ክፍያውን ሰዉ ዛጎሉ ሥር እንዳቅሙ ያኖራል።

ለመሄድ ላሰባችሁ፤ ጫማችሁን ምንጣፉ ሳይደርስ አውልቁ፣ ለሽማግሌ ዝቅ ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ያቀረቡላችሁን ኮላ በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ። ይመራል፤ ቢሆንም አኝኩት።